የጋሽ ኢድሪስ ሞረድ

ዘይነባ የደወለችልኝ ረቡዕ ጠዋት፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ የማሽላ ጭነት እየተረከብኩ ሳለሁ ነው። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። «አባቴ ሱብሒ ሰግዶ ጋደም አለ። ቁርስ ይዤለት ስገባ አልፏል» አለችኝ። ቀጠለችና፣ «ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው። ለዋሂሎቹ አንቺ ንገሪያቸው፣ እባክሽ። እኔ ሁለቴ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።»

ዋሂሎቹ የምትላቸው በከርና ሚስቱ ሞሚና ናቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ ዋሂል የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ የሥጋ ዘመድ አይደሉም። ከአባቷ ጋር ያገናኛቸውን ነገር በኋላ እደርስበታለሁ። ለበከር ደወልኩ። ነገርኩት። ከበስተኋላው የፍየሎች ድምፅ ይሰማኛል። «መኪና እንፈልጋለን» ብሎ ዘጋው።

የዘይነባ አባት፣ ጋሽ ኢድሪስ፣ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። በወጣትነቱ ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ አባቴም እዚያው ስለሠራ ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር። ሥራው ሲቀዘቅዝ ገንደ ቆሬ ያለው ግቢው ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ሠራ፣ ፈቃድ አወጣ፣ የዘበኞችንና የገበሬዎችን አሮጌ ጠመንጃ ማየት ጀመረ። ጠመንጃ በማይመጣበት ቀን የልብስ ስፌት መኪናና የውሃ ፓምፕ ይፈታል። ቀጭን፣ ጠይም፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ ሰው ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም፤ እሱ ደግሞ ጨርሶ አይወደውም። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስለው ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ «አንተ» አልኩት፣ እሱም የመጋዘኑ ዘበኞች ኃላፊ መሆኔን ሲሰማ «አለቃ» ይለኝ ጀመር።

በእኛ ከተማ ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሙቀቱ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ አይገባም። ጠመንጃ ይዞ ለመጣ ሰው ግን ጋሽ ኢድሪስ ሰላምታ አይሰጥም። መጀመሪያ መዳፉን ይዘረጋል።

«ጥይቱን።»

«ባዶ ነው፣ ጋሽ ኢድሪስ።»

«ባዶ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። እኔ ገና አላወቅኩም። አፉን ወደ ምድር፣ ከዚያ ክፈተው።»

ጠመንጃው ታጥፎ ይከፈታል። በዓይኑ ያያል፣ ዓይኑን ስለማያምን ደግሞ ትንሿን ጣቱን ጥይት በሚገባበት ቀዳዳ ከትቶ ይዳስሳል። ጥይት ከተገኘ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ሰላምታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ የሰውየውን ልጆች ሳይቀር በስም እየጠራ ይጠይቃል። ዘይነባ መጥረጊያ ተሸክማ ብታልፍ እንኳ የእንጨቱን ጫፍ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ከፊቱ ያርቀዋል። ልጁ ትስቅበታለች። እሱ አይስቅም።

የተዋወቅነው በአንድ የባረቀ ጠመንጃ ምክንያት ነው። ያኔ መጋዘናችን አራት ዘበኞችና ሁለት አሮጌ የአደን ጠመንጃዎች ነበሩት። በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚረጩ፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ናቸው፤ ከማን እጅ ተነሥተው እኛ ጋ እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ባሻ ደምሴ የሚባለው ዘበኛ ለመኪና በር ሊከፍት ሲል ጠመንጃውን ግድግዳ አስደገፈው። ከተሸካሚዎቹ በአንዱ ትከሻ ላይ የነበረ ጆንያ ሲያልፍ ነካው። ጠመንጃው ተንሸራተተ፣ ሰደፉ ሲሚንቶውን መታ፣ ባረቀ። እርሳሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ በሳስቶ ወጣ። ሰው አልተነካም፤ ተሸካሚው ግን ለሁለት ቀን ጆሮው ሲጮህበት ሰነበተ።

ሥራ አስኪያጃችን ከቢሮው ወጥቶ ጣሪያውን አየ፣ ደምሴን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። «የስንብት ደብዳቤ ጻፊለት። ወይ ጠጥቷል፣ ወይ ምላጩን ሲነካካ ነበር። ጠመንጃ ብቻውን አይተኩስም።»

ደምሴ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ስድስት ልጆች አሉት። ጠረጴዛዬ ፊት እንደ ሰልፈኛ ቆመ።

«ወይዘሮ ፀሐይ፣ መጠበቂያውን ዘግቼዋለሁ። ምላጩ እንዳይሳብ የሚይዘውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ዘግቼ ነው ያስደገፍኩት። ዕድሜዬን ሙሉ መሣሪያ ይዣለሁ። ካላመኑኝ ይጻፉት፤ ግን ሰከረ ብለው አይጻፉት።»

እስክሪብቶውን ይዤ ተቀመጥኩ። አመንኩት ማለት አልችልም፤ ግን መጻፍም አቃተኝ። «ነገ ይደርሳል» አልኩና ጠመንጃውን ባዶ አድርገን፣ በጨርቅ ጠቅልለን፣ በባጃጅ ወደ ጋሽ ኢድሪስ ሄድን።

ጥይቱን ጠየቀን፣ ከፈተ፣ ዳሰሰ፣ ሰላም አለን። ነገሩን ስነግረው ማን እንደነካው አልጠየቀም። የጠየቀው «የት ቆሞ ነበር? ወለሉ ምንድነው? በየት በኩል ወደቀ?» ብሎ ነው። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ አወጣና መሬት ላይ አነጠፈ። ባዶውን ጠመንጃ ለተኩስ እንዲዘጋጅ አደረገው፣ መጠበቂያውን ዘጋ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወደ ድንጋዩ አጥር አዞረ፣ ሰደፉን ጎማው ላይ ቀስ አድርጎ መታ። ምንም የለም። ደገመ። ጠመንጃው ሆድ ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«በቃ» አለ። «ተኩሷል።»

ደምሴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ኢድሪስ የሁለቱን እጆቹን ጠቋሚ ጣቶች ቆልምሞ እርስ በርስ አጠላለፋቸው። «አየሽ አለቃ፣ ይሄኛው ጥይቱን የሚመታው መዶሻ ነው። ይሄኛው እንዳይመታ ይዞ የሚያቆየው ጥርስ ነው። መጠበቂያው ምላጩን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ጥርሱን አይይዘውም። ጥርሱ ሲያልቅ…» ጣቶቹን ቀስ ብሎ አላቀቃቸው። «ማንም ሳይነካው ይወድቃል። ብረት እንደ ሰው ያረጃል፤ እንደ ሰው ግን አመመኝ አይልም።»

በማግስቱ የጎማ ቁራጩን በብብቱ ይዞ ራሱ መጋዘን ድረስ መጣ። ሥራ አስኪያጁን አልተከራከረውም። ባዶውን ጠመንጃ ሰጠው። «ፈትሸው። ባዶ ነው? መጠበቂያውን ራስህ ዝጋው። ጣትህን ከምላጩ አርቅ። አሁን ምታው።» ሥራ አስኪያጁ እየተሰላቸ መታ። በመጀመሪያው ምት «ጠቅ» አለ። ደግሞ አዘጋጅቶ መታ፤ ደግሞ «ጠቅ» አለ። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይጠገናል?» አለ።

«ሌላኛውን ጠመንጃ ስገባ አይቼዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ፤ ጥርሱ ገና አላለቀም፣ ቆሻሻና የደረቀ ዘይት ነው ያለበት። ይሄኛው ግን ጡረታ ይውጣ።»

«ትንሽ ሞረድ ብታስነካው እኮ ጥርሱ ይሳላል ይላሉ።»

«እኔ ሞረድ አላስነካም» አለ ጋሽ ኢድሪስ። እስከዚያ ድረስ በነበረው ለስላሳ ድምፅ አልነበረም የተናገረው። ደምሴ ሥራው ላይ ቀረ። አሮጌው ጠመንጃ በደብዳቤ ለፖሊስ ተመለሰ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንም ሳይጠራው ዘበኞቹን ሊያስተምር ይመጣ ነበር። ጠዋት ተረኛ ሲቀየር ይደርሳል። ጠመንጃ ግድግዳ አይደገፍም ብሎ፣ አፈሙዙ ገብ የሚልበትና ሰደፉ እንዳይንሸራተት የሚታገድበት የእንጨት ማስቀመጫ በገዛ እጁ ሠራልን። አጥር ሲሻገሩ፣ መኪና ላይ ሲወጡ፣ ለሌላ ሰው ሲያቀብሉ ጥይቱ ይወጣል፣ ጠመንጃው ተከፍቶ ይያዛል። ተረኛ ሲቀያየር ሰጪውም ተቀባዩም ውስጡን ያያሉ። ዘበኞቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ አብዲ የሚባለው የሶማሌ ልጅ፣ «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ሌባ ሲመጣ ‹ቆይ ልክፈተው› እንድንለው ነው እንዴ የሚፈልገው?» አለ። ጋሽ ኢድሪስ ሰምቶታል።

«አብዲ፣ በዚህ መጋዘን ስንት ሌባ ተኩሰህ መትተሃል?»

«አንድም።»

«ጆንያ የሚሸከመውስ ሰው በቀን ስንቴ በፊትህ ያልፋል?»

አብዲ ጠመንጃውን ከፈተና ውስጡን አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሁሉም ይበልጥ ጠንቃቃው እሱ ሆነ፤ አዲስ ዘበኛ ሲቀጠር መዳፉን ዘርግቶ «ጥይቱን» የሚለው እሱ ነበር።

የሞረዱን ነገር የሰማሁት ከዚያ ብዙ ወራት በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት ሁለተኛውን ጠመንጃ ለምርመራ ይዤ ስሄድ ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ገበሬ ናት። ግራ እጇ ከአንጓው በታች የለም። ከፊቷ በፌስታል የታሰረ አዲስ ማሽላና በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ኮምጣጣ የሮቃ ፍሬ አለ። ጋሽ ኢድሪስ ከእሷ ፊት እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ብዙ አላወሩም። ከቀፊራ ገበያ የምትገዛው ነገር እንዳለ ተናግራ ተነሣች፤ እስከ በሩ ሸኛት። ሲመለስ ማን እንደሆነች ጠየቅኩት።

«ሞሚና ናት» አለኝ። «እጇን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የልብስ ስፌት መኪናውን እየፈታ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነገረኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ባሏ በከር ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅበት አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነበረው። ምላጩ ከበደኝ፣ ጣቴ ቁርጥማት ይዞታል፣ አቅልልልኝ ብሎ አመጣለት። ጋሽ ኢድሪስ ከፈተው፣ ጥርሱን በሞረድ ሁለት ሦስቴ አስነካው፣ ምላጩ እንደ ቅቤ ሆነ። በከር አመስግኖት ሄደ። በዚያው ወቅት ባልና ሚስቱ ከእርሻ ሲመለሱ በከር የእርከኑን ካብ ሲሻገር አዳለጠው። ጠመንጃው ድንጋይ ላይ ወደቀና ባረቀ። ሞሚና ከፊቱ ነበረች።

ሞሚና ተረፈች። ሁሉም የአላህ ውሳኔ ነው አለ። በከር ግን ጣቴ ነክቶት ይሆናል ብሎ አመነ። ጠመንጃውን ጠቅልሎ ለጋሽ ኢድሪስ አምጥቶ «ከዓይኔ አርቅልኝ» አለው።

«ሲሄድ ከፈትኩት» አለኝ። «የሞረዴ ጭረት ጥርሱ ላይ እንደ መስታወት ያበራል። ጥርሱ አልቋል። የበከር ጣት አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው። ይሄንን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከአላህ በታች። ታዲያ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ዘጋሁት። መልሼ ጠቀለልኩት።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ማሽላው ተዘርቶ እስኪታጨድ ድረስ። እየሰገድኩ፣ እየበላሁ፣ ከሰው ጋር እየሳቅኩ። ከዚያ ከዋሂል የመጣ ሰው ስለ በከር ነገረኝ። ከሚስቱ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ትቷል፤ ደረቅ እንጀራ ይዞ ከፍየሎቹ ጋር ይውላል፤ እርሻውን ለወንድሙ ሰጥቷል አለኝ። ያን ቀን እግሬ ተነሣ።»

ዋሂል ደርሶ፣ የበከርን ወንድሞችና ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ፣ የጠመንጃውን ሆድ ፈቶ ዛፍ ሥር ጨርቅ ላይ ዘረጋው። ጭረቱን በጣቱ እያሳየ «ይሄ የእኔ ሞረድ ነው። በከር አልነካውም» አለ። ወንድሞቹ ሊመቱት ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹ ያዟቸው። በከር ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጋሽ ኢድሪስ ወደ ሞሚና ዞሮ «አውፍ በይኝ» አላት፤ ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ሞሚና ብዙ አየችው። ከዚያ ለእህቷ «ውሃ ስጪው፤ በፀሐይ ነው የመጣው» አለች።

«ሽማግሌዎቹ የፈረዱትን ካስኩ» አለኝ። «በየዓመቱም ማሽላው ሲያሽት ወንጭፍ ይዤ ሄጄ ማማ ላይ ተቀምጬ ዝንጀሮ እጠብቅላቸዋለሁ። እንግዲህ ቤተሰብ ሆነናል። እሷም እንዳየሽው ወደ ከተማ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም።» የስፌት መኪናውን ብሎን አስቀመጠ። «ያኔ ውሃ ሰጠችኝ። መልስ ይሁን አይሁን ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።»

«ለምን ደግመህ አልጠየቅካትም?»

«አንዴ ይጠየቃል። ሁለተኛ መጠየቅ ማስገደድ ነው። እጇ ነው እኮ አለቃ።»

ያንን ነገር በመናገሩ ብዙ ደንበኛ እንደቀረበት ከዘይነባ ነው የሰማሁት። ያልተጠየቀውን የሚለፈልፍ ጠጋኝ ብለው ጠመንጃቸውን ወደ ሌላ የወሰዱ ነበሩ። እናቷም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ማን ጠየቀህ?» እያለች ዓመቱን ሙሉ ታነሣበት ነበር። እሱ አንድ ቀን ብቻ ነው የመለሰላት፤ «በከር በየቀኑ ራሱን ይጠይቅ ነበር» አላት።

ባለፈው ዓመት ዓይኑ ደከመ። ፈቃዱን ራሱ ይዞ ሄዶ መለሰ። ማንም አላስገደደውም፤ «ጣቴ ያያል፣ ግን ለጥርሱ ጫፍ ጣትን ማመን አይቻልም» ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሄድ ጥላው ሥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ሮቃውን በጥብጦ ይሰጠኛል፣ ስለ ዘበኞቹ አንድ በአንድ ይጠይቀኛል። የደምሴ ትልቋ ልጅ ነርስ ሆና መመረቋን ስነግረው እንደ ራሱ ልጅ ደስ አለው።

ረቡዕ ዕለት ከደምሴና ከአብዲ ጋር ስደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ደጅ ድንኳኑ ሥር ናቸው፤ እኔ ወደ ሴቶቹ ገባሁ። ጥቂት ቆይቶ ሞሚና መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች፣ አላለቀሰችም፣ ከማንም ጋር አላወራችም። የተቆረጠውን እጇን በሻሿ ጫፍ ሸፍናው ነበር።

ጀናዛው፣ የተከፈነው አስከሬን፣ ወደ መስጊድ ሊወጣ ሲል እንደ ደንቡ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ጠየቁ። «ወንድማችሁ ኢድሪስ ወደ ጌታው እየሄደ ነው። በእሱ ላይ ሐቅ ያለው፣ እሱ የበደለው ሰው ካለ፣ አሁን ይናገር።» እንዲህ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ «አውፍ ብለናል» ይላል፣ ነገሩም ያልፋል። ሕዝቡ «አውፍ…» ብሎ ሲጀምር ሞሚና ከአጠገቤ ተነሣች። ይዣት ነበር፤ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም። እጄን ቀስ ብላ አላቀቀችውና በሴቶቹ መሃል አልፋ በሩ ላይ ቆመች።

«አኒን ቀባ» አለች። እኔ አለኝ ማለቷ ነው።

ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። በከር ከወንዶቹ መሃል ሚስቱን ያያታል፤ አልከለከላትም። ሽማግሌው «ተናገሪ፣ እህቴ» አሏት።

ሞሚና ሻሿን ገልጣ እጇን አሳየች። በኦሮምኛ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው የተናገረችው። «ይሄ የእሱ ሥራ ነው። ማንም ሳያውቅበት ራሱ መጥቶ ነገረን። አውፍ በይኝ አለኝ። ያን ቀን ተናድጄ ስለነበር አልመለስኩለትም። በሁለተኛው ዓመት ማሽላችንን ሊጠብቅ ማማ ላይ ሲወጣ ሳየው ልቤ አውፍ አለው። ግን በአፌ አልነገርኩትም። እሱ ያውቃል ብዬ ነው። እሱም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልነገርኩት፤ እንዲሁ ተያየን ይሄን ሁሉ ዓመት።»

ቆመች። ከዚያ ወደ ጀናዛው ዞረች።

«አውፍ ብዬሃለሁ፣ ኢድሪስ። ሰው ሁሉ ይስማ። በእኔ በኩል ምንም የለብህም።»

ዘይነባ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌው ዱዓ አደረጉ፤ ድፍን ግቢው አሚን አለ። ደምሴም እንደ እምነቱ ሲያማትብ በመስኮቱ አየሁት። ሞሚና በዘይነባ ትከሻ ላይ እንደተደገፈች ወደ ወንዶቹ ዞረችና «አሁን ውሰዱት» አለች።

ቃሬዛውን አነሡ። ከፊት የተሸከመው በከር ነበር።